ግዝፈትና የገና ጨዋታ
ቡድን በሚመሠረትበት ጊዜ ለተጫዋች ቁመትና ክብደት ሊሰጥ ስለሚገባው ቦታ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ በእንጅባራ የቀረበ ንግግር)



የመኸሩ ሰብል ታጭዶ መስኩ ባዶውን ሲቀር፣ በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን የገና ጨዋታ ወራት ይደርሳል። እረኛውም፣ ገበሬውም፣ ተማሪውም ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ወደ መስክ ይወጣል። ሩሯ በሁለቱ ወገኖች መካከል ትጣላለች፤ የላይኛው መንደር ወደ ታች፣ የታችኛው መንደር ወደ ላይ ይነዳታል። ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ስለሚሰለፉም፣ በዚያች ዕለት ጌታ ቢመታ እንኳ እንዳይቆጣ የሚያዝዝ የቆየ ሥርዓት አለ። የውጭ አገር ሰዎች ጨዋታውን ባዩ ቁጥር ሆኪ ከሚሉት ከራሳቸው ጨዋታ ጋር ሲያመሳስሉት ኖረዋል፤ ማመሳሰሉም ስሕተት የለበትም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን የጨዋታው ታሪክ አይደለም። ጉዳዩ ከጨዋታው በፊት ያለችው አጭር ሰዓት፣ ይኸውም ቡድን የሚመረጥባት ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት የመራጩ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው ቁመቱ በረዘመውና ደረቱ በሰፋው ጎረምሳ ላይ ነው። ይህ የመራጭ ዓይን ጠባይ አዲስ አይደለም። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ ከእሴይ ልጆች መካከል ንጉሥ ሊቀባ በሄደ ጊዜ የበኵሩን የኤልያብን ቁመት አይቶ ልቡ እንደ ተወሰደ፣ የተመረጠው ግን በግ ጠባቂው ታናሽ እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ግዝፈት ለተጫዋች በእርግጥ ምን ያህል ይጠቅማል? በምርጫስ ጊዜ የሚገባው ስፍራ የቱ ነው? የሚሉት ጥያቄዎች በስሜት ሳይሆን በስሌት ሊመረመሩ ይገባል።

፩. ግዝፈት የሚሰጠውና የሚነሣው

ክብደቱ 75 ኪሎ የሆነ ተጫዋች በሴኮንድ 5 ሜትር ሲሮጥ፣ ክብደቱ በፍጥነቱ ሲባዛ 375 ይሆናል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነው ደግሞ በሴኮንድ 6 ሜትር ቢሮጥ ብዜቱ 360 ይሆናል። እንግዲህ ሁለቱ ፊት ለፊት ቢጋጩ ግዙፉ በጥቂቱ ይበልጣል ማለት ነው። የእንቅስቃሴ ጉልበታቸው ሲሰላ ግን ፍጥነት በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ፣ የትልቁ 937.5 ጁል ሲሆን የትንሹ 1,080 ጁል ይሆናል። በሴኮንድ የአንድ ሜትር ብልጫ የ15 ኪሎን ጉድለት በግጭት ረገድ ሊሸፍነው ምንም ያህል አልቀረውም፤ በጉልበት ረገድ ደግሞ አልፎታል። ሁለቱ እኩል የሚፈጥኑ ከሆኑ ግን ግዙፉ በሁለቱም መንገድ እንደሚበልጥ መካድ አይቻልም።

ይሁን እንጂ ግዝፈት ያለ ዕዳ አይመጣም። ጋሊሌዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ሲያድግ ክብደቱና ብርታቱ እኩል አያድጉም። የአንድ ሰው አካል በቁመትም፣ በስፋትም፣ በውፍረትም ከመቶ አሥር ቢጨምር ክብደቱ ከመቶ 33 ይጨምራል። የጡንቻ ብርታት የሚወሰነው በጡንቻው የጎን ስፋት በመሆኑ ግን ብርታቱ የሚጨምረው ከመቶ 21 ብቻ ነው። በመሆኑም ትልቁ ሰው በጠቅላላው ብርቱ ቢሆንም፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚደርሰው ብርታት ከትንሹ ያንሳል። ድንገት ለመቆም፣ ለመታጠፍና እንደገና ለመነሣት የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው የኪሎ ድርሻ ነው። ሩሯ በአንድ ጨዋታ ውስጥ አቅጣጫዋን ስንት ጊዜ እንደምትለውጥ ያየ ሰው የዚህን ትርጉም ይረዳዋል።

ስለ ዱላውም የሚባለው ተመሳሳይ ነው። ሩሯን የሚያስፈነጥራት በይበልጥ የዱላው ጫፍ ፍጥነት ነው። ክንዱና ዱላው ከአሥር አንድ እጅ የረዘሙለት ተጫዋች በእኩል ቅልጥፍና ቢያዞር፣ የዱላው ጫፍ ከአሥር አንድ እጅ ይበልጥ ይፈጥናል። ነገር ግን ርዝመቱ ሲጨምር፣ ክብደቱ ባይጨምር እንኳ፣ መዞርን የሚቃወምበት መጠን ከመቶ 21 ያድጋል። ስለዚህ በሰፊ ሜዳ ላይ ርቆ ለመምታት ረጅሙ ሰው ይመቻል፤ በሽሚያ መካከል ግን ሩሯ ከሣር ላይ ስለማትነሣ፣ አጎንብሶ በአጭር ምት የሚነጥቃት ሰው ይቀድማል።

የአገሩም አየር የራሱ ድርሻ አለው። ዳንግላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር፣ እንጅባራም ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቈረቈሩ ከተሞች ናቸው። በእንጅባራ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። በእንዲህ ያለ አየር ረጅም ጊዜ የሚሮጥ ሰው የሚሸከመው ኪሎ ሁሉ ከትንፋሹ ላይ ይከፈላል።

፪. የግዝፈትን ዋጋ የሚተምነው ሕግ ነው

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ግዝፈት ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ብሎ ለመደምደም አያስችልም። የሚጠቅመው እንደ ጨዋታው ሕግ ነውና።

በሰሜን አሜሪካ በሚካሄደው የበረዶ ሆኪ በአካል መግፋት የተፈቀደ ስለሆነ፣ ለግዙፍ ተጫዋች ከፍ ያለ ግምት ሲሰጥ ኖሯል። ቁመቱ 206 ሴንቲ ሜትር የነበረው ተከላካይ ዝዴኖ ቻራ በ2011 እ.ኤ.አ. የቦስተን ቡድን አለቃ ሆኖ የስታንሊን ዋንጫ አንሥቷል። በአንጻሩ 173 ሴንቲ ሜትር የነበረው ማርቲን ሴንት ሉዊ በዓመታዊው የወጣቶች ምልመላ ጊዜ ፈላጊ ያጣ ተጫዋች ነበር፤ ሆኖም በ2004 እ.ኤ.አ. በሊጉ ውስጥ ከፍተኛውን ነጥብ አስመዝግቦ የዓመቱ ኮከብ ተባለ፤ ከታምፓ ቤይ ቡድን ጋርም ያንኑ ዋንጫ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ሊጉ ተቃራኒን በመያዝና በመጎተት የማደናቀፍን ልማድ በጥብቅ መቅጣት በጀመረ ጊዜ፣ ለትናንሽና ለፈጣን ተጫዋቾች የበለጠ መንገድ ተከፈተ። የሰዎቹ ቁመት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕጉ ነው።

በሣር ሜዳ በሚደረገው ሆኪ ደግሞ በአካል መጋፋት ክልክል ነው። ህንድ ከ1928 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በተደረጉት ኦሎምፒኮች ስድስት ጊዜ በተከታታይ የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው በዱላ አያያዝ ጥበቧ ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ የሣሩን ስፍራ በያዘ ጊዜ ግን የፍጥነትና የትንፋሽ ዋጋ ከፍ አለ። ሕግ ብቻ ሳይሆን ሜዳም ይተምናል ማለት ነው።

በእግር ኳሳችንም ሽንፈት በደረሰ ቁጥር የተክለ ሰውነት ጉዳይ ሲነሣ ይሰማል። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰበት በ2005 ዓ.ም. በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያ ጨዋታ የመጨረሻዋን ግብ ያስቈጠረውና በኋላም የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ጆናታን ፒትሮይፓ ግን በቀጭንነቱ የታወቀ ልጅ ነበር። ለሽንፈቱ ምክንያት መፈለግ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱን በሜትር ብቻ መለካት ግን አያዋጣም።

፫. የቀደሙት ሰዎች መላ

በባህል ስፖርቶቻችን ውስጥ ለግዝፈት ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ተሰጥቷል። በዛሬ ዘመን በሚካሄዱት ውድድሮች ትግል በኪሎ ተከፋፍሎ ይደረጋል፤ ከባዱ ከከባድ፣ ቀላሉ ከቀላል ይታገላል። ይህ የሚዛን መልስ ነው።

ሚዛን ያልነበረው የገጠር ሰው ደግሞ ሌላ መላ ነበረው። ወገን ለይተው በሚጫወቱ የመንደር ጨዋታዎች ዘንድ እንደ ተለመደው፣ አስቀድሞ ሁለት የቡድን አባቶች ይሰየማሉ። የቀሩት በቁመትም በጉልበትም እኩያ እኩያቸውን እየፈለጉ ሁለት ሁለት ይሆናሉ። ከዚያም ጥንዶቹ ራቅ ብለው የምሥጢር ስም ያወጣሉ፤ አንዱ አንበሳ፣ ሌላው ነብር ይባላል። ተመልሰውም ከአንበሳና ከነብር ማንን ትወስዳለህ ብለው ይጠይቃሉ። መራጩ ከስሙ በስተጀርባ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ስለማያውቅ በስም ይመርጣል፤ የቀረው ለተቃራኒው ይሆናል።

ይህን ልማድ እንደ ልጆች ቀልድ ማየት አይገባም። በእርግጥ የረቀቀ የሚዛን ሥራ ነው። እኩያ ከእኩያ ስለሚጣመር፣ በአንዱ ወገን አንድ ግዙፍ ሲገባ በሌላውም ወገን አንድ ግዙፍ ይገባል፤ ትንሹም እንዲሁ። ግዝፈት በሁለቱ የሚዛን ሳህኖች ላይ እኩል ስለሚቀመጥ ለአሸናፊነት ምክንያት መሆኑ ይቀርና፣ የሚቀረው መፎካከሪያ ብልሃት፣ ትንፋሽና መተባበር ይሆናል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትንሹ ልጅ አይጣልም፤ እንደ እርሱ ያለ እኩያ እስካለ ድረስ በሜዳው ላይ ስፍራ አለው።

፬. ዛሬ የሚመረጠው ምንድን ነው?

የትምህርት ቤትና የወረዳ ቡድን በሚመረጥበት ጊዜ ግን ይህ መላ አይሠራም፤ የሚፈለገው ሁለት እኩል ወገን ሳይሆን አንድ ብርቱ ቡድን ነውና። በዚህ ጊዜ የዓይን ምርጫ ተመልሶ ይመጣል። ከባዱ ጉዳትም የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመረጡት ገና በማደግ ላይ ያሉ ልጆች ናቸውና።

በካናዳ ባርንስሊ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ወደ ከፍተኛው የሆኪ ደረጃ ከደረሱት ተጫዋቾች መካከል በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት በመጨረሻዎቹ ወራት ከተወለዱት እጅግ እንደሚበዙ አሳዩ። ምክንያቱ ምሥጢር አልነበረም። የዕድሜ ክፍሉ የሚቈረጠው በዓመቱ መጀመሪያ ቀን በመሆኑ፣ በጥር የተወለደው ልጅ በታኅሣሥ ከተወለደው ጓደኛው አንድ ዓመት ያህል ይበልጣል፤ ስለሚበልጥም ይገዝፋል፤ ስለሚገዝፍም ይመረጣል፤ ስለተመረጠም ይሠለጥናል። መራጩ ተሰጥኦ ያየ ይመስለዋል፤ ያየው ግን የልደት ቀን ነበር።

በአገራችን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ የብዙ ልጆች ዕድሜ የሚታወቀው በግምት ነው፤ ግምቱም ቁመትን ይከተላል። ደግሞም በዚያው በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩት ሕፃናት መካከል ከመቶ 46 ያህሉ የቀነጨሩ፣ ይኸውም ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። የአገሪቱ አማካይ ከመቶ 38 ነበር። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ለትምህርት ቤት ቡድን የሚመረጡበት ዕድሜ ላይ ይገኛሉ።

እንግዲህ በአንድ ሜዳ ላይ ሃያ ልጆችን አሰልፎ ረጃጅሞቹን የሚለይ ሰው ምን እየለየ ነው? በከፊል ቀድሞ የተወለደውን እየለየ ነው። በከፊልም በቤቱ ወተትና እንቁላል ያልጠፋበትን፣ በሕፃንነቱ በሽታ ያልደጋገመበትን ልጅ እየለየ ነው። የገና ዱላ የመያዝ ብልሃት ግን በጎተራ መጠን አልተከፋፈለም። ቁመት ሲመረጥ ድህነት ለሁለተኛ ጊዜ ይፈርዳል፤ አንድ ጊዜ በማዕዱ ላይ፣ አንድ ጊዜም በሜዳው ላይ።

፭. ምን ይደረግ?

ግዝፈት ከምርጫ ፈጽሞ ይውጣ ማለት ልክ አይሆንም። ድንበር ጠብቆ የሚመክትና ሩሯን አርቆ የሚመታ ግዙፍ ሰው ለቡድን ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ግን በቦታው ነው። ስለዚህ መራጮች ሦስት ነገሮችን ቢያስቡ መልካም ይሆናል።

አንደኛ፣ ከቁመት በፊት ሥራ ይለካ። አሥር ሜትር ሮጦ፣ ታጥፎ መመለስን በሰዓት መለካት፣ ሩሯን በዱላ እየነዱ በተተከሉ ካስማዎች መካከል ማለፍን መፈተን፣ ትንፋሽንም በረጅም ሩጫ ማየት ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ ሰዓትና ጥቂት ካስማ ይበቃል። ቁመት የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ፣ ለየትኛው ቦታ እንደ ሆነ ታውቆ ነው።

ሁለተኛ፣ በልምምድ ጊዜ የእኩያ ለእኩያ ሥርዓት ይመለስ። ትንሹ ሁልጊዜ በግዙፉ እየተገፋ ብልሃቱ ሳይታይ እንዳይቀር፣ ግዙፉም በክብደቱ ብቻ እየተማመነ ብልሃት ሳይማር እንዳያድግ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ የዛሬ ምርጫ የዘለዓለም ፍርድ አይሁን። ዘንድሮ የቀረው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ተጠርቶ እንደገና ይታይ። አካል በአንድ ክረምት ብዙ ሊለወጥ ይችላልና።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

በዚህ በአዊ ምድር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፣ የአገሩ ሰው ስለ ፈረስ ያለው ዕውቀት በአደባባይ ይታያል። የደጋው ፈረሳችን ከውጭ አገር ፈረሶች ጋር ሲነጻጸር ቁመቱ አጭር ነው፤ ሆኖም ዳገቱን የሚወጣውና ለጉግስ የሚፈለገው እርሱ ነው። ፈረስ ዐዋቂ ገበያ ወርዶ ቁመት ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቈጥርም። ኮቴውን ያነሣል፤ ጥርሱን ያያል፤ ያስረግጠዋል፤ ያስጋልበዋል፤ ሲቆም ትንፋሹን ያዳምጣል። ዋጋ የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለፈረስ የሚደረገው ይህ ጥንቃቄ ለልጅም ቢደረግ፣ ከመስኩ ዳር ቆሞ ታናሽ ዱላውን ይዞ የሚጠባበቀው ትንሽ ልጅ ቢያንስ እስኪፈተን ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር።