የጸጉርን መልክ አይተን አንፍረድ

(በመርሳ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። በሀብሩ ወረዳ በአንድ ቀበሌ ሕፃናትን ለአልሚ ምግብ ስንመዘግብ፣ አንዲት እናት የ3 ዓመት ልጇን በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ጸጉሩ እንደ ገለባ ቢጫ ነበር። ክንዱን ስለካው ደኅና ነው፤ እግሩም አላበጠም። እኔ ግን ጸጉሩን ብቻ አይቼ፣ ሰው እየሰማ «ይህ ልጅ ተርቧል» አልሁ። እናቲቱም አንገቷን ደፍታ፣ «ወንድሜ፣ ሲወለድም እንዲህ ነው። አባቱ የእኔ አይደለም ብሎ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔ ግን ልጄን አላስራብሁትም» አለችኝ።

ስለዚህ መለየትን እንማር። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኀብ ያየችው ወሎ የተራበን ሕፃን መልክ ታውቃለች። ከምግብ እጥረት ሲሆን፣ ጥቁር የነበረው ጸጉር እየሳሳ ይቀላል፣ በቀላሉም ይነቀላል፤ እግር ያብጣል፣ ልጁም ይነጫነጫል። እንዲህ ያለው ልጅ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲያገግም አዲስ የሚበቅለው ጸጉር መልኩን ይመልሳል።

ለምጽ የምንለው ደግሞ ከተወለዱ በኋላ የሚጀምር፣ በቆዳ ላይ እዚህም እዚያም የሚወጣ ነጭ ምልክት ነው፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። የገረጣው ቆዳ ሲነኩት ስሜት ከሌለው ግን ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና ሰውየው ሳይዘገይ ይመርመር፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፣ ያድናልም።

አልቢኒዝም ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ከማኅፀን ጀምሮ ያለ ነው። ሰውነት ሜላኒን የሚባለውን ቀለም በበቂ ስለማያዘጋጅ ቆዳም ጸጉርም ይነጣል። ዓይንን ተመልከቱ፤ ይርገበገባል፣ ፀሐይ ያጥበረብረዋል፣ ከሩቅ አጥርቶ አያይም። አይጋባም፣ ምግብም አይለውጠውም። አብዛኛውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም ይወረሳል፤ ሁለቱም መልካቸው እንደ ሌላው ሰው ሆኖ ሳለ ይህን የተሰወረ ዘር ቢይዙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕድል አለ። እንግዲህ የልጁ መንጣት እናትን የሚያስከስስ ማስረጃ አይደለም። የአባት ጥርጣሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ በግእዝ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 106፣ ኖኅ ነጭ ሆኖ ሲወለድ አባቱ ላሜሕ ደንግጦ እንደ ተጠራጠረ፣ በመጨረሻ ግን ልጁ በእውነት የእርሱ እንደ ሆነ እንደ ተነገረው ይተርካል።

ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚያስፈልገው ከፀሐይ መከለል ነው፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ልብስ፣ በቀትር ጊዜ ጥላ። ቆዳው ለካንሰር የተጋለጠ ስለሆነ የማይድን ቁስል ቢታይበት ሐኪም ይየው። በትምህርት ቤት ከፊት ለፊት ይቀመጥ። በወልድያም በመርሳም ያላችሁ መምህራን ይህን አስቡ።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ጥፋተኛ ፈለጉ፤ ጌታችን ግን ሰውየውንም ወላጆቹንም አልከሰሰም (ዮሐ. 9፥1-3)።

እኔም ተመልሼ ያችን እናት ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለልጁም ባርኔጣ ወሰድሁለት። እርስዋ ግን ከባርኔጣው ይልቅ፣ ልጇ እንዳልተራበ በጎረቤቶቿ ፊት እንድናገርላት ለመነችኝ። ተናገርሁ። እናንተም በየአጥቢያችሁ እንዲሁ ተናገሩ።

ጌታ ይርዳን። አሜን።