ፖም በብርድ ቤት ውስጥ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው ስለ ፖም ነው። «ስለ ፖም ደግሞ ምን ንግግር ያሻል?» የሚል አይጠፋም። እኔም አንድ ቀን የሚያምር ቀይ ፖም ገዝቼ በቢላዋ ብከፍለው ውስጡ ጠቁሮ እስካገኘሁት ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። ውስጡን ለቄስ ማለት ይህ ነው! ነገሩን ስመረምር ግን ፖምን የሚያበላሸው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ብርድም ጭምር መሆኑን ተረዳሁ።

ፖም ከዛፉ ከተለቀመ በኋላም ሕይወት አለው። እንደ እኛው ይተነፍሳል። ለትንፋሹ ስንቅ የሚሆነው በውስጡ ያከማቸው ስኳርና አሲድ ነው፤ ስንቁ እያለቀ ሲሄድ ጣዕሙ ይደክማል። ደግሞም ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያመነጫል፤ ይኸውም የራሱንና የጎረቤቶቹን መብሰል ያፋጥናል። የብርድ ሥራ ይህን ሁሉ ማዘግየት ነው እንጂ ማቆም አይደለም።

ታዲያ ለሁሉም አንድ ዓይነት ብርድ ይስማማልን? አይስማማም። ጎልደን ዴሊሸስ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ደኅና ይቆያል፤ ነገር ግን ቆዳው ውሃ ስለሚያባክን አየሩ እርጥበት ካነሰው ይጨማደዳል። ኮክስ የተባለው የእንግሊዝ ፖም በዚያው ብርድ ቢቀመጥ ውስጡ ይጠቁራል፤ የሚስማማው ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ሃኒክሪስፕ ደግሞ በድንገት ብርድ ውስጥ ሲገባ ቆዳው ስለሚጎዳ አስቀድሞ አንድ ሳምንት ያህል በ10 ዲግሪ ይሰነብታል። ግራኒ ስሚዝ ከብርድ ቤት ሲወጣ ጤነኛ ይመስልና ከጥቂት ቀን በኋላ በገበያ ላይ ቆዳው ይቡናማል። ፉጂ ግን ከብዙዎቹ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይታገሣል።

ብርድ ብቻውን እንደማይበቃ ከተረዱት መካከል ኪድና ዌስት የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ይገኙበታል። ፖሙ በታሸገ ክፍል ውስጥ ሲተነፍስ ኦክሲጅኑ ይቀንሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጨምራል፤ በዚህም ትንፋሹ ይበልጥ ይዘገያል። የጥናታቸውን ውጤት በ1927 እ. ኤ. አ. አሳተሙ፤ በ1929 በኬንት አውራጃ አንድ ገበሬ በዚሁ ዘዴ ብራምሌይ የተባለውን ፖም ማከማቸት ጀመረ። ዛሬ በዓለም ገበያ ዓመቱን ሙሉ ፖም የሚገኘው ከዚህ በመነጨ ጥበብ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ! ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በጨንቻ ደጋ ፖም ይመረታል። ነገ ከእኛ አንዱ ለገበሬዎች ማኅበር ብርድ ቤት እንዲያቋቁም ቢታዘዝ፥ ስለ መሣሪያው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «የምን ዓይነት ፖም ነው? መቼስ ተለቀመ?» ብሎ ይጠይቅ። ያለ ጊዜው የተለቀመ ፖም በብርድ ቤት አይታረምም፤ ጥሬው ቆዳው ይጎዳል፤ አልፎበት የተለቀመውም ቶሎ ይላላል። ጊዜውን ለማወቅ ጥቂት አዮዲን ይበቃል፤ በተቆረጠው ፖም ላይ ሲቀባ ስታርች ያለበት ሁሉ ይጠቁራል፤ ፖሙ እየበሰለ ሲሄድ ጥቁረቱ ከመሐል ጀምሮ ይቀንሳል።

ይህን ሳያጣራ ቁልፉን የሚያዞር ሰው የገበሬውን የዓመት ድካም በብርድ ያበላሻል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ሣጥኑ ገበያ ላይ ሲከፈት ነው። ብርድ ቤት የተሰጠውን ይጠብቃል እንጂ ያልተሰጠውን አይጨምርም።