አዘዞ በስንት ረድፍ ትጻፋለች?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ጉዳዩ ሰፊ፣ ቦታው ግን ጠባብ ነው። የምናገረው ከጎንደር መካከል ወደ ደቡብ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የባሕር ዳርና የመተማ መንገዶች በሚለያዩበት ስፍራ ስለምትገኘው ስለ አዘዞ ነው። አዘዞ ዛሬ በጎንደር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃልላለች፤ ለብዙ ዘመን ግን ትንሽ መንደር ነበረች። «የአዘዞ ሕዝብ ከየትኛው ዘር፣ ከየትኛው ብሔረሰብ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው በአንድ ቃል ለመመለስ ይሞክራል። እኔ ለማስረዳት የምፈልገው ግን መልሱን በየዘመኑ የወሰነው ከነዋሪው ይልቅ ጠያቂው መሆኑን ነው። መጠይቅ ማዘጋጀትና ረድፍ ማስመር ሙያችን ለሆነው ለእኛ፣ ይህ ከታሪክ ጨዋታ ያለፈ ኃላፊነት ነው።

እንደሚታወቀው አዘዞ በነገሥታት መቀመጫነት ከጎንደር ትቀድማለች። ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ በዚያ ቤተ መንግሥትና የገነተ ኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፤ የተቀበሩትም በዚያው ነው። በአካባቢው አስቀድሞ የአገው ቋንቋ የሚናገሩ ቅማንቶችና ቤተ እስራኤሎች፣ እንዲሁም አማሮች ይኖሩ ነበር። በዚህ ላይ ከፖርቱጋል፣ ከስፔንና ከኢጣልያ የመጡ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ገቡ። በ1541 እ.ኤ.አ. ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር የመጡት አራት መቶ ያህል ወታደሮች ከአገሩ ሴቶች የወለዷቸው ልጆችና የልጅ ልጆችም በአውራጃው ተበትነው ይኖሩ ነበር። ከሸዋ ደብረ ሊባኖስ የወጡ መነኮሳትም በአዘዞ ተተክለዋል። ንጉሡም ራሳቸው በልጅነታቸው በኦሮሞዎች ተማርከው፣ ከእነርሱ ጋር የኖሩ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት የለየው ጥያቄ የትውልድ አልነበረም፤ «የተዋሕዶ ነህ ወይስ የሮማ?» የሚል ነበር። ዐፄ ፋሲል ነግሠው የቀድሞውን ሃይማኖት ሲመልሱና ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጡ፣ ያው አንዱ ሕዝብ በሌላ ረድፍ ተጻፈ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው አከፋፈል በዐዋጅ የተደረገ ነው። በ1668 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ፣ ፈረንጆች የአገሩን ሃይማኖት ካልተቀበሉ እንዲወጡ፣ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎችም ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው መንደር እንዲኖሩ ወሰነ። ዛሬ ከጥንት የመጣ የዘር ድንበር መስሎ የሚታየን የሠፈር ልዩነት፣ አንዱ ሥሩ ቀኑ የሚታወቅ የመንግሥት ውሳኔ ነው ማለት ነው።

ሆኖም ዐዋጁ የለያቸውን ሰዎች ኑሮው መልሶ ያገናኛቸው ነበር። በጠዳና በወለቃ ከነበሩት ቤተ እስራኤሎች ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ግንበኞችና ሸማኔዎች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ክርስቲያኑ ገበሬ ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም፤ ነገር ግን የሚያርስበትን ማረሻ የሠሩለት፣ እንጀራው የሚጋገርበትን ምጣድ ያበጁለት እነርሱ ናቸው። ባለሙያውን «ቡዳ» ብሎ መፍራትና ማራቅ ልማድ ስለ ነበረ፣ በእጅ የሚሠራ ሥራ በደም የሚወረስ ባሕርይ ተደርጎ ተቈጠረ። ሙያ ወደ ዘር ረድፍ የተዛወረው እንዲህ ነው።

ሕዝቡ ራሱን በራሱ ሲቈጥርስ እንዴት ነበር? «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚል ተረት አለን። በዚያው አንጻር ግን እስከ ሰባት ቤት ድረስ መጋባትን የሚከለክል ጽኑ ልማድ አለን። በአንዲት ትንሽ መንደር ይህ ሕግ ሲጠበቅ፣ ሙሽራይቱ ከሌላ አገር መምጣቷ የማይቀር ነው። ከዚህም በላይ በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ እስኪቀር ድረስ የርስት መብት በአባትም በእናትም በኩል ይቈጠር ስለ ነበር፣ ባለ ርስቱ ብዙ አያት መቍጠር ይጠቅመው ነበር። ነገሩን በስሌት ብናየው፣ ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ስንወጣ ለአንድ ሰው 128 የአያት ቦታዎች እናገኛለን። «ብሔረሰብ» የሚለው አንድ ሳጥን ከእነዚህ ስንቱን ይይዛል? እርግጥ ነው፣ ቅማንቶችና ቤተ እስራኤሎች በየራሳቸው ወገን ውስጥ ይጋቡ ስለ ነበር መቀላቀሉ ለሁሉም እኩል አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው ቅማንት ወደ ኦርቶዶክስ ሃይማኖት ሲገባና አፉን በአማርኛ ሲፈታ ግን ይህም ድንበር እየላላ ሄደ።

ዘርን ብቻውን መለያ ያደረገው የፋሽስት ኢጣልያ አገዛዝ ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ኢጣልያዊ ከቅኝ ተገዥ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በእስራት ቅጣት ከለከለ። የጎንደር የከተማ ፕላንም የነጩንና የአገሬውን ሠፈር ለየ። በዚህ መዝገብ ፊት አማራው፣ ቅማንቱ፣ እስላሙና ቤተ እስራኤሉ ሁሉም አንድ ረድፍ ሆኑ፤ «ተገዥ» ተባሉ። ያ አገዛዝ በኅዳር 1934 ዓ.ም. በጎንደር ሲያበቃ ሕጉም አብሮ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በአዘዞ የጦር ሠፈር ስለ ተቋቋመ፣ ከአራቱም ማዕዘን የመጡ ወታደሮች በዚያው ጎጆ ወጡ። በአንጻሩ ቤተ እስራኤሎች በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። በወለቃ ዛሬ ሸክላውን እየሠሩ የሚሸጡት በስፍራው የቀሩት ክርስቲያን ጎረቤቶች ናቸው። የዘር ምልክት ይባል የነበረው ሙያ ባለቤቱን ለወጠ።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንምጣ። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛው የሕዝብና ቤት ቈጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሕዝብ ከ170 ሺህ በላይ ነበር፤ ቅማንትኛን የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ያለው ግን 2 ሺህ እንኳ አልሞላም። በአንድ ቈጠራና በአንድ ቅጽ፣ ጥያቄው ከ«ብሔረሰብ» ወደ «ቋንቋ» ሲለወጥ መልሱ ከሰማንያ እጥፍ በላይ ተለዋወጠ። ከሁለቱ ቍጥሮች ሐሰት የሚባል የለም፤ የለኩት ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. ሦስተኛው ቈጠራ ሲደረግ ደግሞ የቅማንት ረድፍ ከቅጹ ወጣ። ሰዎቹ ግን ከቤታቸው አልወጡም፤ የጠፉት ከመዝገቡ ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ አልቀረም። በ2007 ዓ.ም. የክልሉ ምክር ቤት ለ42 ቀበሌዎች የቅማንት ራስ አስተዳደርን ፈቀደ፤ በመስከረም 2010 ዓ.ም. በ8 ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በ2011 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞቱ፣ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩም ተፈናቀሉ። የተፈናቀሉትም የተገደሉትም ከሁለቱም ወገን ነበሩ። ይህ ሁሉ በአንድ ረድፍ ምክንያት ሆነ አልልም፤ መሬትም፣ ሥልጣንም፣ ፖለቲካም ነበረበት። ነገር ግን ተከራካሪዎች የጋራ ቍጥር ሲያጡ እያንዳንዱ የራሱን ቍጥር ይዞ ይመጣል። እኛ ልንሰጠው ይገባን የነበረው ያንኑ የጋራ ቍጥር ነው። አራተኛው ቈጠራም በሰኔ 2011 ዓ.ም. ስለ ተላለፈ ክፍተቱ አልተደፈነም።

ስለዚህ ለሙያ ጓደኞቼ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ ቋንቋን፣ ሃይማኖትን፣ የትውልድ ስፍራንና ብሔረሰብን ለየብቻ እንጠይቅ፤ አንዱን ከሌላው አንገምት። ሁለተኛ፣ ቈጣሪው የሰውየውን ስም፣ መልክ ወይም ሙያ አይቶ ሳይሆን ከአንደበቱ የሰማውን ይጻፍ፤ «በአባቴ ይህ፣ በእናቴ ያ ነኝ» ለሚለውም ሁለቱን የሚጽፍበት ቦታ ይኑረው። ሦስተኛ፣ አንድን ረድፍ መጨመር ወይም ማውጣት ግድ በሆነ ጊዜ ምክንያቱ በግልጽ ታትሞ ይውጣ፤ አዲሱን ቍጥር ከአሮጌው ጋር የሚያስተያይ ሠንጠረዥም ይዘጋጅ። አራተኛ፣ በትንሽ መንደር የሚገኝን ትንሽ ቍጥር ስናትም እንጠንቀቅ። በአገር ደረጃ «ሦስት ቤተሰብ» የሚለው ቃል ቍጥር ብቻ ነው፤ በመንደር ግን ሦስት የታወቁ ደጆችን ማመልከት ነው፤ በክፉ ቀንም ለክፉ ሰው መንገድ ጠቋሚ ይሆናል።

የአዘዞ ሕዝብ በአራት መቶ ዓመት ውስጥ በሃይማኖት፣ በዐዋጅ፣ በሙያ፣ በዘርና በብሔረሰብ ተጽፏል። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ የጻፉት የፈለጉትን ለይተው ለማዘዝ ነበር። እኛ የምንጽፈው ግን ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያውና መንገዱ ለማን እንደሚደርስ ለማወቅ ነው። ይህን ዓላማ ከያዝን፣ ነዋሪው ራሱን አሟልቶ የሚናገርበትን ሰፊ ቅጽ ማዘጋጀት ከእኛ የሚጠበቅ ግዴታ ነው።