በእንግሊዝ ገጠር ስለ አጥቢያ ኑሮና ስለ ሕፃናት ትምህርት የተነገረ ንግግር



ንግሥት ቪክቶሪያ በእንግሊዝ አገር የነገሠችው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1837 እስከ 1901 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የዚያ ዘመን ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስበው የእንፋሎቱን ባቡርና የፋብሪካውን ጢስ ነው። ነገር ግን በ1851 ሕዝብ ሲቈጠር ገና እኩሌታው ያህል በገጠር ይኖር ነበረ። የገጠሩም ሰው ኑሮ በአጥቢያው የታጠረ ነበረ።

የአጥቢያው መሬት ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የጥቂት ባላባቶች ነው። ባላባቱ ለገበሬዎች ያከራያል፤ ገበሬውም ብቻውን አያርስም፥ በሳምንት ደመወዝ ምንደኞች ይቀጥራል። ምንደኛው መሬት የለውም፥ የሚያርስበትም ፈረስ የጌታው ነው፤ በዚያ አገር የሚታረሰው በፈረስ ነበረና። የሚያድርባት ጎጆም ብዙ ጊዜ የጌታው ስለ ሆነች፥ ከሥራው የተባረረ ቀን ከቤቱም ይወጣል። ለቄሱ አሥራት ይከፈላል፤ አሥራቱ በእህል መሆኑ ቀርቶ በገንዘብ እንዲሆን የታዘዘው በ1836 ነው። አርጅቶ ወይም ታሞ የሚበላው ያጣ ሰው በ1834 በወጣው ሕግ መሠረት ወደ ድኾች ቤት ይላካል፤ በዚያ ባልና ሚስት ተለያይተው ስለሚያድሩ፥ ሰው ሁሉ ያን ቤት እንደ ወኅኒ ይፈራው ነበረ።

አጨዳው በኦገስት ወር ሲደርስ ግን አጥቢያው በሙሉ ወደ እርሻ ይወጣል። ወንዶች ያጭዳሉ፥ ሴቶች ነዶ ያስራሉ። ነዶው ከተጋዘ በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቃርሚያ ይቃርማሉ። ገበሬው አንድ ነዶ በእርሻው ውስጥ አቁሞ የተወ እንደ ሆነ ገና አልፈቀደም ማለት ነው፤ ነዶው ሲነሣ ይገባሉ። ብርቱዋ ከደካማዪቱ እንዳትቀድም፥ በብዙ አጥቢያ የቃርሚያው መጀመሪያና መጨረሻ በቤተ ክርስቲያን ደወል ይነገር ነበረ። በዚህ የተገኘው ስንዴ ለድኻው ቤት የክረምት ዳቦ ስለሚሆን፥ በቃርሚያ ሰሞን ልጁን ትምህርት ቤት የሚሰድ ወላጅ አይገኝም ነበረ።

የገጠሩን ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ የምታቆመው ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ልጁም በየሳምንቱ አንድ ወይም ሁለት ፔኒ ይከፍላል። መንግሥት ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ርዳታ በ1862 በአዲስ ደንብ ወሰነ። በደንቡ መሠረት ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው ልጅ በዓመት ውስጥ ከጠዋቱና ከከሰዓት በኋላው ትምህርት ከ200 ጊዜ በላይ ከተገኘ፥ መርማሪው መጥቶ በንባብ፥ በጽሕፈትና በሒሳብ ይፈትነዋል። ባለፈበት በእያንዳንዱ ትምህርት 2 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ ይሰጣል፤ በወደቀበት ይቀራል። አንዱ ሺሊንግ በዚያ ዘመን 12 ፔኒ ነበረ። እንግዲህ ልጁ በቀረ ቍጥር የመምህሩ ደመወዝ ሊጐድል ነው። ሹመኞቹ ይህን ያደረጉት ገንዘብ ለመቈጠብና መምህራንን ለማትጋት ነበረ፤ ነገር ግን መምህሩ ከእነዚህ ከሦስቱ በቀር ሌላውን ትምህርት ችላ እንዲል፥ ሕፃኑንም እንደ ገንዘብ እንዲቈጥር አደረገው። መምህሩ በየጊዜው በሚጽፈው መዝገብ ውስጥ እገሌ ድንች ሊተክል፥ እገሌ ድንጋይ ሊለቅም፥ እገሌ ወፍ ሊጠብቅ ቀረ የሚል ቃል ይበዛ ነበረ።

አባቱስ ስለ ምን ልጁን አስቀረ? የዋርዊክሽር ሰው የጆሴፍ አርች ታሪክ ይህን ይገልጣል። አርች በ1826 ባርፎርድ በሚባል መንደር ተወለደ። አባቱ ምንደኛ ነበረ፤ ዳቦ ለሚያስወድደው የእህል ሕግ ድጋፍ እንዲሆን በወረቀት ላይ እንዲፈርም ቢጠየቅ እንቢ ስላለ፥ የሚቀጥረው ሰው አጥቶ ቤተሰቡ ተቸገረ። ልጁ ትምህርት ቤት የቈየው ሦስት ዓመት ያህል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው በቀን ለ12 ሰዓት ቁራ ከእርሻ እያባረረ 4 ፔኒ ይቀበል ጀመር። በስድስት ቀን 2 ሺሊንግ ይሆናል፤ የአንድ ጎልማሳ ምንደኛ የሳምንት ደመወዝ ከ10 ሺሊንግ እምብዛም በማይበልጥበት ዘመን ይህን መተው ለአባት ቀላል አልነበረም። ይህን አባት ሰነፍ ወይም ደንቆሮ ብሎ መንቀፍ ፍርድ ማጓደል ነው። እናቱ ግን ማታ ማታ እያስጠናች ንባቡንና ጽሕፈቱን እንዳይረሳ አደረገችው።

አርች ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሲቈርብ በቤተ ክርስቲያን በር ቍልፍ ቀዳዳ አሾልኮ አየ። አስቀድሞ ባላባቱ፥ ቀጥሎ ገበሬዎቹ፥ ቀጥሎ ነጋዴውና አንጥረኛው፥ በመጨረሻ ምንደኞቹ ለብቻቸው ወደ መሠዊያው ቀረቡ። በጌታ ማዕድ ፊት እንኳ መበላለጥ መኖሩ ልቡን አቈሰለው። ካደገ በኋላ አጥር በማበጀት ሙያ ስሙ ታወቀ፤ ከመንበረ ጳጳሳቱ ቤተ ክርስቲያን ተለይቶም የሜቶዲስቶች ሰባኪ ሆነ።

በ1872 በፌብሩዋሪ 7 ቀን በዌልስቦርን መንደር ያሉ ምንደኞች እንዲናገርላቸው ጠሩት። ጥቂት ሰው ይመጣል ሲባል ብዙ መቶ ሰው ተሰበሰበ፤ ቤቱ ስላልበቃ ከትልቅ ዛፍ በታች ሆነ፤ በባቄላ መደገፊያ እንጨት ላይ ፋኖስ ሰቀሉ፤ አርችም አሳማ በሚታረድበት አግዳሚ ላይ ቆሞ ተናገረ። የለመኑት 12 ሺሊንግ ያህል የነበረው የሳምንት ደመወዝ 16 እንዲሆን ነው። በዚያው ዓመት የምንደኞች ማኅበር ለአገሩ ሁሉ ቆመ። በ1874 በምሥራቅ ያሉ ገበሬዎች የማኅበሩን ሰዎች ከሥራ ስላስወጡ ማኅበሩ እጅግ ተጐዳ፤ ቢሆንም በ1884 ለገጠር ምንደኞች የመምረጥ መብት ሲሰጥ፥ አርች በ1885 የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ።

የትምህርቱ ሕግ የሠራው ቀስ በቀስ ነው። ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ በእርሻ እንዳይቀጠር የሚከለክል ሕግ በ1873 ወጣ፤ ነገር ግን የሚያስፈጽም ሹም ስላልተመደበለት በወረቀት ቀረ። በ1880 ከ5 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ እንዲማር በመላው አገር ግዴታ ሆነ፤ ቢሆንም በአጨዳ ጊዜ ወንበሩ ባዶ መሆኑ አልቀረም። ድኻውን የረዳው በ1891 የሳምንቱ ፔኒ በአብዛኛው ትምህርት ቤት እንዲቀር መደረጉ ነው፤ አባት ልጁን ለማስተማር መክፈሉ ቀረለት።

የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪዎችም ከእርሻው ጋር መጣላትን ትተው ዕረፍቱን ከአጨዳው ጋር አስማሙት። ስለዚህ በብዙ አጥቢያ የዕረፍቱን ቀን የሚቈርጠው የስንዴው መብሰል ነበረ፤ ዝናብ አጨዳውን ባዘገየው ዓመት ትምህርት ቤቱ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ተጨምሮለት ዘግይቶ ይከፈት ነበረ።