ቅባት የሚያደርሰው መልእክት



እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። ባለሱቅ ነኝ፣ ዘይት እቸረችራለሁ። የምናገረውም ስለዚሁ ስለምሸጠው ነገር ነው።

በልጅነታችን ወሎ ሳለን ታናሽ ወንድሜን ዳፍንት ያዘው። ቀን ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ እየዳበሰ ይሄድ ነበር። አያቴ የበግ ጉበት እየጠበሰች ደጋግማ አበላችው፤ እያደር ተሻለው። ምክንያቱን ግን ማንም አልነገረንም።

የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምትማረው ልጄ ናት። ጉበት የቫይታሚን ኤ ጎተራ ነው። ይህ ቫይታሚን ከቅባት ወገን ነው፤ የሚሟሟውም በቅባት ነው። አንዱ መልኩ ዓይን በደብዛዛ ብርሃን እንዲያይ ያደርጋል። ሌላው መልኩ ሬቲኖይክ አሲድ ይባላል፤ እሱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እስከ አስኳሉ ይዘልቃል። እዚያ ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ሁለቱ ሲገናኙ «ይህ ጂን ሥራ ይጀምር» የሚል ትእዛዝ ይተላለፋል። ተቀባዩን እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይ የፒየር ሻምቦን፣ በአሜሪካ የሮናልድ ኢቫንስ ቡድኖች አገኙት።

የዓይን፣ የሳንባና የአንጀት ሽፋን በደንብ የሚታደሰው በዚህ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ሲጓደል ተቅማጥና ኩፍኝ በልጅ ላይ ይበረታሉ፤ ዓይን እስከ መጥፋትም ይደርሳል። በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ ካፕሱል የሚሰጠው፣ እ.ኤ.አ. በ2022ም የምግብ ዘይት በቫይታሚን ኤ እንዲበለጽግ ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው።

ወገኖቼ፣ ጁባ ማንጎ በየጓሮው የሚረግፍባት ከተማ ናት። ጎመኑም ኩድራውም ገበያ ሞልቷል። ያለ ቅባት ከተበላ ግን በውስጡ ያለው አብዛኛው ሳይመጠጥ ያልፋል። ኑሮ ሲከብድ መጀመሪያ ከቤት የሚቀረው ዘይት መሆኑን የዱቤ መዝገቤ ያውቃል። ለራሳችሁ ብትቆጥቡ እንኳ ከልጅ ጎመን ላይ አንዷን ማንኪያ ዘይት አታስቀሩ።

ካፕሱሉን ደግሞ ከጤና ባለሙያ እንጂ ከእኔ ቢጤ ባለሱቅ አትውሰዱ። በተለይ ነፍሰ ጡር እናቶች ተጠንቀቁ፤ ከልክ ያለፈ ቫይታሚን ኤ ለፅንሱ የተሳሳተ ትእዛዝ ያደርሳል፣ አካሉንም ሊያጎድል ይችላል።

ያ ወንድሜ ዛሬ ሾፌር ነው፤ በሌሊትም ይነዳል።