«አደፍርስ»ን ለአርቦዬ ማንበብ
(በተማሪዎች ማኅበር የመጻሕፍት ምሽት አሰላ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አቶ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» እንድናገር ስታዝዙኝ ሊቅ መርጣችሁ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መጽሐፉ የተገኘው በእኔ እጅ ስለሆነ ነው።

«አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. አዲስ ሆኖ ሲወጣ፥ ከአራት ዓመት በፊት የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደ ወራጅ ውሃ ያነበበ ሰው መንገዱ ኮረኮንች ሆነበት፤ አስቸጋሪ መጽሐፍ ተባለ። እኔም ከባዮቹ አንዱ ነበርሁ።

ባለፈው ክረምት ይዤው ወደ አርቦዬ ሄድሁ። ማታ ቡና ሲፈላ አጎቴና ጎረቤቶቹ «እስቲ ከዚያ ከመጽሐፍህ አሰማን» አሉኝ። በቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ስለሆነ፥ በአማርኛ እያነበብሁ በኦሮምኛ መተርጎም ግድ ሆነብኝ። ታዲያ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ይከብደኛል ብዬ የፈራሁት የአርማንያ ባላገር ንግግር፥ የወይዘሮ አሰጋሽ ሙግት፥ ምሳሌያዊው አነጋገር ሁሉ ያለ ችግር ተሻገረልኝ። አርማንያ ሰሜን ሸዋ፥ አርቦዬ አርሲ ነው፤ ዳሩ ግን በመሬት ጉዳይ ፍርድ ቤት መመላለስ ምን እንደሆነ ለአጎቴ ማስረዳት አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ይስቁ ነበር።

ችግሩ የመጣው አደፍርስ አፉን ሲከፍት ነው። እንደምታውቁት እርሱ እንደኛው ከትምህርት ቤት ወደ ገጠር የወረደ ወጣት ነው፤ ስለ ለውጥ፥ ስለ ሥልጣኔ ይናገራል፥ ይናገራል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቆምሁ። በመጀመሪያ ኦሮምኛዬን አማሁ። ኋላ ሳስበው ግን ያን አንቀጽ በአማርኛውም ገብቶኝ አላነበብሁትም ነበር፤ ቃሎቹን የማውቃቸው ስለመሰለኝ ብቻ አልፌአቸው ኖሯል። አጎቴ ጠብቀው ጠብቀው፥

«ለመሆኑ ይህን ልጅ ማን ጠየቀው?» አሉ።

እኛ ደራሲ አዲስ መጽሐፍ ይዞ ሲመጣልን የምንጠይቀው «መልእክትዎ ምንድን ነው?» ብለን ነው። (እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄ ተጨብጭቦልኛል።) የአጎቴን ዓይነት ጥያቄ ግን በአዳራሽ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም። አቶ ዳኛቸው ዛሬ በሕይወት ኖረው ከፊታችን ቢቀመጡ የእኔ ጥያቄ ይህ በሆነ ነበር፤ እርሳቸው በፈረንጆች ዘመን በ1973 «ዘ ተርቲንዝ ሰን» የተባለ ልብ ወለዳቸውን በእንግሊዝኛ አሳትመዋል፤ ወደዚያ ቋንቋ ሲሻገሩ የትኛው ንግግር ቀለላቸው፥ የባላገሩ ወይስ የተማረው?

አጎቴ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አስነበቡኝ። አደፍርስ በተናገረ ቁጥር ግን የሚመለከቱት ወደ እኔ ነበር።