የደነገጠ ሕፃን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል አንድ አጭር ታሪክ አለ። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ፥ የአያቱና የአባቱ የሞት ወሬ ከጦር ሜዳ መጣ። ሞግዚቱ አንሥታው ስትሸሽ፥ ከጥድፊያዋ የተነሣ ከእጅዋ ወደቀ፤ ሁለት እግሩም ሽባ ሆነ። ልብ በሉ፤ ሕፃኑን የጠላት ሰይፍ አላገኘውም፤ የጐዳው ያቀፈው ሰው ድንጋጤ ነው። ሴቲቱን ግን ልንነቅፋት አይገባንም፤ ሕይወቱን አትርፋለችና።

ከጅጋ እስከ ቡሬ ባለው አገር እንደዚህ ሕፃን የወደቁ ብዙዎች ናቸው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ እሑድ፥ ስሟ የሰላም መንገድ በሆነችው በፍኖተ ሰላም ከተማ በደረሰው ፍንዳታ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወቅቱ ሕፃናት ነጭ ለብሰው ለቍርባን የሚሰለፉበት የፍልሰታ ጾም ነበረ። ከዚያ ወዲህም በየገጠሩ ተኵስ የሰሙ፥ ዘመድ የቀበሩ ልጆች አሉ።

እንዲህ ያለ ልጅ በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ሌሊት ይባንናል፤ ትቶት የነበረውንም የመኝታ ሽንት ይጀምራል፤ ወይም ጨርሶ ዝም ይላል። የቀብር ጨዋታ ሲጫወት ብታዩትም አትቈጡት፤ በአፉ ያልቻለውን በጨዋታው መናገሩ ነውና። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የምትሉ አባቶች፥ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር ማልቀሱን አስቡ። ጠበል መጠመቁ መልካም ነው፤ የባነነውን ሕፃን «ሰይጣን ያዘህ» ብሎ ማስፈራራት ግን በድንጋጤ ላይ ድንጋጤ መጨመር ነው።

መርዶም አለ። አባቱ የሞተበትን ልጅ «ሩቅ አገር ሄዷል» እያሉ ማታለል በአገራችን የተለመደ ነው፤ ከርኅራኄ ይመጣል፥ ፍሬው ግን መራራ ነው። ልጁ የሰዎችን ሹክሹክታ ይሰማል፤ «እኔ ባጠፋሁ ይሆን?» እያለም በልቡ ራሱን ይከሳል። የሚወደው ሰው አቅፎ በአጭር ቃል እውነቱን ይንገረው፤ ጥፋቱ የእርሱ እንዳይደለም ይጨምርለት። በአርባውም ጧፍ ይዞ ከዘመዶቹ ጋር ይቁም።

ሜምፊቦስቴን ንጉሥ ዳዊት ከብዙ ዘመን በኋላ አስፈልጎ አስመጣው፤ እንዳይፈራ ነገረው፤ ዘወትርም ከገበታው እንዲበላ አደረገ። እግሩ አልዳነም፤ ነገር ግን በየቀኑ የማይለወጥ ቦታ አገኘ። እንግዲህ ለደነገጠ ልጅ የራቱና የመኝታው ሰዓት፥ የማታ ጸሎቱም አይታጐል። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ፥ የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከእኩዮቹ ጋር ፊደል ያስቈጥሩት። ወላጆቹን ያጣውን የክርስትና አባቱ ይውሰደው፤ የክርስትና አባትነት ለእንዲህ ያለው ቀን ነውና። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ብሎ ከወር በላይ ቢቈይ ግን ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ።

እናንተም ወላጆች፥ ማታ ማታ በሕፃናት ፊት የጦር ወሬ አታውሩ። ይህን የምትሰሙበትን ሬዲዮ እንኳ ቢሆን፥ ዜናው ሲጀምር ዝጉትና ልጁን ወደ ጉያችሁ ሳቡት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።